የቤታችን የልስን ዋጋ ከየት ይመጣል?

(ለአንድ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት በአዲስ አበባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። የእሑድ ጠዋታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ስለ ልስን ዋጋ እንዳስረዳ ሲጋብዘኝ ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት፣ ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ጣሪያ አልብሰው ለልስን እየተዘጋጁ፣ ሌሎቹ ደግሞ ገና ብሎኬት እያስደረደሩ መሆናቸውን ስለማውቅ ነው። በተለይ ብሎኬት እያስደረደራችሁ ያላችሁ ጆሮ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይቼ እገልጻለሁ።

ሰው ሁሉ አግኝቶ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልስን በካሬ ስንት ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ካሬው የተለካው እንዴት ነው? ውፍረቱ ስንት ነው? ድብልቁ ስንት ለስንት ነው? እነዚህን ሦስቱን ሳያውቅ በካሬ ይህን ያህል ነው ብሎ የሚመልስላችሁ ሰው ዋጋ ሳይሆን ግምት ነው የሚሰጣችሁ።

ስለዚህ ዛሬ ከእኔ የብር ቁጥር አትጠብቁ። የሲሚንቶ ዋጋ በእነዚህ ዓመታት ሲወጣና ሲወርድ፣ ከገበያ ሲጠፋና ሲመለስ አይታችኋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ አምና ያዘጋጀነው የዋጋ ዝርዝር ዘንድሮ አልሠራ ብሏል። ዛሬ የምነግራችሁ የብር ቁጥር ለሚቀጥለው ወር ላይሆናችሁ ይችላል። የማይለወጠው መጠኑ ነው፤ ስንት ካሬ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ሜትር ኩብ። መጠኑን የያዘ ሰው በማንኛውም ቀን የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ ሒሳቡን በራሱ ይሠራል።

እንግዲህ ከካሬው እንጀምር። በምሳሌ ላስረዳችሁ፤ የምትችሉ ጻፉ። ቤቱ ምድር ብቻ ነው እንበል፤ ወርዱ 8 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 3 ሜትር ነው። የውጭው ዙሪያ 36 ሜትር ይሆናል፤ በ3 ሲባዛ 108 ካሬ ነው። የዚያው ግድግዳ የውስጥ ፊት፣ ብሎኬቱ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው ወደ 34.4 ሜትር ዝቅ ይላል፤ 103 ካሬ ያህል እንያዝ። ክፍሎቹን የሚለያዩት ግድግዳዎች ተደምረው 20 ሜትር ቢረዝሙ፣ እነርሱ በሁለቱም ፊት ስለሚለሰኑ 120 ካሬ ይወጣቸዋል። ድምሩ 331 ካሬ ነው።

አሁን ክፍት ቦታዎቹን እንቀንስ። ወደ ውጭ የሚያስወጡ ሁለት በሮችና ስድስት መካከለኛ መስኮቶች ቢኖሩ፣ ክፍታቸው በአንድ ፊት 15 ካሬ ያህል ነው፤ በውስጥም በውጭም ስለሚቀነስ 30 ይሆናል። የአራት የውስጥ በሮች ክፍት በሁለት ፊት ሲታሰብ ሌላ 15 ካሬ ነው። በጠቅላላው 45 ካሬ ይቀነሳል፤ የሚለሰነው 286 ካሬ ነው ማለት ነው።

በዚህች 45 ካሬ ምክንያት ስንት ሰው ተጣልቷል! የቅርብ ዘመዴ የሆነች አንዲት እህት ቤቷን በካሬ ተዋውላ አስለሰነች። ሥራው አልቆ ሒሳብ ሲተሳሰቡ ግንበኛው ሙሉውን ግድግዳ ለክቶ መጣ፤ እርሷ ደግሞ «በርና መስኮቱን አየር ነው የለሰንከው?» አለችው። እርሱም «የመስኮቱን ጎንና ጎን፣ የላይና የታቹን ጠርዝ፣ የማዕዘኑን ቀጥታ ማን ሠራው?» ሲል መለሰላት። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። የመስኮት ጎን ስፋቱ ትንሽ ነው፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን ብዙ ነው፤ ጠርዙ ቀጥ እንዲል ጣውላ ማሰር፣ ማድረቅ፣ መፍታትና እንደገና መጠጋገን አለበት። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ግማሹን ተካፈሉት። በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊያልቅ የሚችለው ነገር ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ጎረቤትም አወራው። ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ «ክፍት ቦታ ተቀንሶ፣ የበርና የመስኮት ጎን በሜትር ለብቻው ተከፍሎ» ወይም «ክፍት ቦታ ሳይቀነስ፣ ጎኑም በዚያው ተጠቃልሎ» ብላችሁ አስጽፉ። የትኛውንም ብትመርጡ ይሠራል፤ ብቻ አስቀድሞ ይጻፍ።

ሁለተኛው ነጥቤ ውፍረት ነው። እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ይህን አትርሱብኝ።

ልስን በሦስት እጅ ይሠራል። የመጀመሪያው እጅ ቀጭን ርጭት ሲሆን ተግባሩ ብሎኬቱን ቆንጥጦ መያዝ ነው። ሁለተኛው እጅ ግድግዳውን ቀጥ የሚያደርገው ዋናው ልስን ነው። ሦስተኛው በተነፋ ደቃቅ አሸዋ ተሠርቶ የሚያለሰልሰው ማጠናቀቂያ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ሦስቱ እጆች ተደምረው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃቸዋል። ካልሆነስ? ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ብሎኬቱ አንዱ ገብቶ አንዱ ወጥቶ ከተደረደረ፣ ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ከግድግዳው ፊት ካለፈ፣ ያን ሁሉ ጉድለት የሚሞላው ሲሚንቶ ነው። ብሎኬት ደርዳሪው ያጠፋውን ለሳኙ በእናንተ ገንዘብ ይሞላዋል።

ሒሳቡን እዩት። አንድ ካሬ ግድግዳ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲለሰን፣ ድብልቁ 1 ለ 3 (ማለትም አንድ መጠን ሲሚንቶ ለሦስት መጠን አሸዋ) ከሆነ፣ 9 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይበላል። ይህ የደረቁ ሲሚንቶና አሸዋ ውሃ ሲገባባቸው መጠናቸው የሚቀንሰውን አስቦ የተሠራ ቁጥር ነው። ለዚያ 286 ካሬ ቤት 26 ኩንታል፣ ማለትም 52 ከረጢት ሲሚንቶ ይሆናል። ውፍረቱ በአማካይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ግን 39 ኩንታል፣ 78 ከረጢት ይፈጃል። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ካሬው ያው ካሬ ነው። የተጨመረው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የሄደው ግን 13 ኩንታል ሲሚንቶ ነው። አሸዋውም ከ5 ሜትር ኩብ ተኩል ወደ 8 ሜትር ኩብ ተኩል ገደማ ይወጣል። የዛሬውን የሲሚንቶ ዋጋ የምታውቁ በልባችሁ አባዙት።

በዚያም አያበቃም። ወፍራም ልስን በአንድ ጊዜ ከተመረገ በክብደቱ ይንሸራተታል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሌላ እጅ መጨመር፣ የፊተኛው እስኪጠነክርም መጠበቅ ግድ ይላል፤ የሠራተኛው ቀንም አብሮ ይጨምራል።

ሙያውን በልጅነቴ የተማርኩት በደሴ ከተማ ከአንድ አንጋፋ ግንበኛ እግር ሥር ነው። እኚህ ሰው ዋጋ ሲጠየቁ መልስ አይሰጡም ነበር። ከኮሮጇቸው ቱንቢ፣ ማለትም የግድግዳ ቀጥታ የሚታይበት ባለ ክብደት ገመድ፣ እና ሲባጎ አውጥተው ከጥግ እስከ ጥግ ይወጥሩና ክፍል በክፍል እየዞሩ በጣታቸው ይለካሉ። አንድ ቀን አንድ ባለቤት ትዕግሥቱ አልቆ «ጋሼ፣ ዋጋውን ይንገሩኝ እንጂ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያለስነው በታወቀ ዋጋ አይደለም እንዴ?» አላቸው። እርሳቸውም ሰውየውን እጁን ይዘው ወደ ጥጉ ወሰዱትና በሲባጎውና በግድግዳው መካከል ሁለት ጣታቸውን አስገቡ። «ይኸውልህ ልጄ፤ እዚህ ጥግ ላይ ግድግዳህ ሁለት ጣት ሸሽቷል። ይህን ሁለት ጣት የሚሞላውን ሲሚንቶ የምትገዛው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አሉት። ሰውየው ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ቱንቢ ሳልጥል ዋጋ አልናገርም።

ብሎኬት እያስደረደራችሁ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ጆሮ ስጡኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የልስናችሁ ዋጋ እየተወሰነ ያለው አሁን ነው! ለሳኝ ከመቅጠራችሁ ወራት ቀድሞ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ብሎኬት ሲቀመጥ እየተወሰነ ነው። በየሦስት ረድፉ ቱንቢ አስጥሉ፤ ሲባጎው ተወጥሮ እንደሚደረደር ቆማችሁ እዩ። የተጣመመውን ሞርታሩ (ብሎኬቱን የሚያያይዘው የሲሚንቶና የአሸዋ ልውስ) ሳይጠነክር ማስፈረስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከጠነከረ በኋላ ግን በሲሚንቶ መሸፈን ብቻ ነው የሚቀረው። ለብሎኬት ደርዳሪው ከሚከፈለው ላይም ጥቂቱን ግድግዳው በቱንቢ እስኪፈተሽ ድረስ ያዙ። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ብሎኬቱ ያለቀላችሁም ብትሆኑ ተስፋ አትቁረጡ። ለሳኙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግድግዳውን በሲባጎ አስፈትሹ። ወጣ ያለ የሞርታር ጉብታ ወይም የኮለን ጠርዝ ካለ መፈልፈሉ ይሻላል፤ አንዲት ወጣ ያለች ቦታ ለመሸፈን ሲባል ሙሉው ግድግዳ ሲወፍር አይቻለሁ።

ሦስተኛው ድብልቁ ነው። በውል ላይ «1 ለ 3» ተብሎ ይጻፋል። በሥራው ቦታ ግን ምን ይደረጋል? በአካፋ ይቆጠራል። አንዱ አካፋ ተከምሮ፣ ሌላው ተልጦ ይገባል፤ ጠዋት 1 ለ 3 የነበረው ከሰዓት 1 ለ 5 ይሆናል። መድኃኒቱ የመለኪያ ሳጥን ነው። ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን አሠሩ፤ ይህ ሳጥን የሚይዘው ልክ የአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶን መጠን ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሦስት ሳጥን አሸዋ፤ በቃ። አናጢው በአንድ ሰዓት ይሠራዋል።

ከሲሚንቶው ዓይነት አንጻር፣ ለልስን ፒፒሲ የሚባለው፣ ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ይበቃል፤ ለእጅም ይመቻል። ኦፒሲውን፣ ማለትም መደበኛውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ለኮለንና ለሶሌታ (ለፎቁ የኮንክሪት ወለል) ተዉት። «ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ልስኑ ይጠነክራል» የሚለውንም አትመኑ። ከመጠን በላይ ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ ገንዘብም ይባክናል፣ ግድግዳም ይበላሻል።

አሸዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ከላንጋኖም ይምጣ ከመቂ፣ ሻጩ የሚናገረውን ስም ትታችሁ አሸዋውን ራሱን ፈትሹት። ግልጽ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ወይም ብርጭቆ ውሰዱ፤ ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሙሉበት፤ አፉን ዘግታችሁ በደንብ ናጡትና አስቀምጡት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አሸዋው ከታች ይረጋል፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ለስላሳ የጭቃ ንጣፍ ይቀመጣል። የአገራችን መመዘኛ የሚፈቅደው የአፈርና የጭቃ መጠን እስከ 6 በመቶ ነው። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጭቃው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከዚያ በግልጽ ካለፈ ግን ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። ጭቃ የበዛበት አሸዋ ልስኑን ያራግፈዋል፤ ቀለም ተቀብቶ ዓመት ሳይሞላው ተልጦ ይወርዳል።

አሸዋው በቢያጆ (በመኪና ጭነት) ሲመጣም አትዩ ብቻ፣ ለኩ። የመኪናውን ሳጥን ርዝመት፣ ወርድና የአሸዋውን ከፍታ በሜትር ያዙ፤ መሐሉ ተከምሮ ጎኑ የጎደለ ከሆነ አስደልድላችሁ ለኩት። ሌላም ነገር አለ። እርጥብ አሸዋ ከደረቁ ይልቅ ያብጣል፤ እስከ ሩብ ያህል ሊያብጥ ይችላል። በሜትር ኩብ ስትገዙ እርጥቡ ሙሉ መስሎ ይታያል፤ ሲደርቅ ግን ያንሳል። ስለዚህ እርጥብ አሸዋ የሚገዛ ሰው ይህን አስቦ ዋጋ ይከራከር።

የእጅ ዋጋስ? እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የምትዋዋሉት በካሬ የእጅ ዋጋ፣ ከነማቴሪያሉ ወይም በቀን ነው። በቀን ማሠራት ለትንንሽ ጥገና ካልሆነ በስተቀር አልመክርም። ከነማቴሪያሉ ስትሰጡ ደግሞ ሲሚንቶውን የሚቆጥበው ኮንትራክተሩ እንደሆነ አትርሱ፤ ያን ጊዜ የመለኪያ ሳጥኑ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። አብዛኛው የቤት ባለቤት ማቴሪያሉን ራሱ አቅርቦ የእጅ ዋጋ በካሬ ቢከፍል የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ግንበኛ ከረዳቱ ጋር ሆኖ በቀን ከ10 እስከ 15 ካሬ ያህል ሊያጠናቅቅ እንደሚችል ያዙ፤ ከዚህ እጅግ የበለጠ የሚሠራላችሁ ካለ ሦስቱም እጅ መመታታቸውን አጣሩ። በውሉ ላይም መወጣጫውን ማን እንደሚያቀርብ ይጻፍ። ለፎቅ ቤት አጣናው፣ ምስማሩ፣ ጣውላውና ማሰሪያው ቀላል ወጪ አይደለም፤ «እኔ የእጅ ነው የተዋዋልኩት» ከሚባልባችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

አሁን ማንም በዝርዝሩ ላይ ስለማይጽፋቸው ወጪዎች ልናገር። የኤሌክትሪክ ቱቦና የውሃ መስመር ከልስን በፊት ይግባ፤ የውሃው መስመርም በግፊት ይፈተሽ። ተለስኖ ካለቀ በኋላ ግድግዳ ሲፈለፈል ማየት ያማል፤ የሚጠገነው ቦታ ደግሞ ቀለም ሥር ሆኖ እንኳ ለዓይን ይታያል። ብሎኬትና ኮለን በሚገናኙበት መስመር ላይ የሽቦ መረብ አስመቱ፤ ሁለቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ፣ መረብ የሌለበት ልስን በዚያው መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ይህን ስንጥቅ በየሰፈራችን ያላየ የለም።

ውሃ ማጠጣትም ወጪ ነው። የተለሰነ ግድግዳ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። በጥርና በየካቲት ፀሐይና ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ግድግዳ ውሃ ካላገኘ ሲሚንቶው ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቃል፤ በጣት ስታሹት ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። 26 ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቶ ለጥቂት በርሜል ውሃ መሰሰት ምን ይባላል? በክረምት ደግሞ የውጭውን ከማስለሰናችሁ በፊት ጣሪያውና አሸንዳው ይለቅ፤ ትኩስ ልስን ዝናብ ካጠበው ደግማችሁ ትከፍላላችሁ።

ከመካከላችሁ የወላጆቻችሁን የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ለማስለሰን የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለወላጅ ቤት ማሳመር ምርቃት ያስገኛል። ነገር ግን ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም። በቀጥታ ከተለሰነ በክረምት ማግሥት ትላልቅ ገበታ እየሆነ ይወድቃል። መጀመሪያ የሽቦ መረብ ከእንጨቱ ማገር ጋር በምስማር ይያዝ፤ ከሥር ያለው እርጥበትም መፍትሔ ያግኝ። የመረቡንና የምስማሩን ዋጋ ከመጀመሪያው በሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ።

በመጨረሻ ስለ ክፍያ። ቅድመ ክፍያ ለእጅ ሥራ ከተሰጠ ትንሽ ይሁን፤ የቀረው ግድግዳ በግድግዳ እየተለካ ይከፈል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ 10 በመቶ ያህል አስቀሩና ልስኑ ደርቆ እስኪፈተሽ ያዙት። ፍተሻውም ከባድ አይደለም፤ ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። የያዘ ልስን ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ከብሎኬቱ የተላቀቀው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባዶ የሚጮኸውን በጠመኔ ክበቡት፤ ግንበኛው ፈልፍሎ ደግሞ ይሥራው፤ ያኔ ቀሪ ሒሳቡን ከነምስጋናው ክፈሉት። ጥሩ የሠራ ሰው ገንዘቡን በሰዓቱ ማግኘት አለበት፤ ይህንንም አደራ እላለሁ።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። ሜትርና ሒሳብ መሥሪያ ይዤ መጥቻለሁ፤ የቤታችሁን ፕላን ያመጣችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉና ካሬውንና ኩንታሉን አብረን እናስላ። ብሎኬት ላይ ያላችሁት ቅድሚያ ይሰጣችሁ፤ ሌሎቻችሁ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለኮሚቴው ጸሐፊ ስጡልኝ።